በስፒል የተዘጋ አፍ

ልብስ ሰፊዋ በአንድ ጊዜ አሥራ አራት ስፒል በከንፈሯ መያዝ ትችላለች። ነገሩን ለማመን አጠገቧ ቆሞ ማየት ያስፈልጋል። ስፒሎቹ ጭንቅላታቸው ወደ ውጭ ሆኖ በግራ በኩል ባለው የከንፈሯ ጥግ ይደረደራሉ። ቀኝ እጇ ጨርቁን አጥፎ ሲይዝ ግራ እጇ ወደ አፏ ይሄዳል፣ አንዱን ይመዛል፣ ይሰካል፣ ይመለሳል። ዓይኗ ከደንበኛው ትከሻ አይነሣም። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንድም ስፒል ጥላ፣ አንድም ስፒል ውጣ አታውቅም።

በዚህ ጊዜ የምታወጣው ድምፅ ሁለት ብቻ ነው፤ «እም» ማለት አዎ፣ «እ-እም» ማለት አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ደንበኛ በዚህ ሰዓት ካያት «ምን ያለች ጭምት ሴት ናት» ብሎ ያስባል። የመጨረሻው ስፒል ጨርቁ ላይ ሲሰካ ግን ስህተቱን ያርማል።

«ሱሪው ቀጠን አድርጎ ያሳየኝ» ያላትን አንድ ባለ ቦርጭ ነጋዴ፣ «ጌታዬ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ተአምር የሚፈለገው ቤተ ክርስቲያን ነው» አለችው። ቀሚሱ አስረጀኝ ብላ ያኮረፈችውን ሴትዮ ደግሞ፣ «እናቴ፣ ቀሚሱ የተወለደው ትናንት ነው፤ በሱ አታሳብቢ» አለቻት። የተነካው ሰው ራሱ እየሳቀ ነው የሚወጣው። ሳቁ የሚያልቅበት እቤቱ ሲደርስ ነው። ሰፈሩ «ምላጭ» ብሎ ስም ያወጣላት ለዚህ ነው፤ ምላጭ ሲቆርጥ አያምም፣ የሚያመው ቆይቶ ነው።

እሷም ስሙን አልጠላችውም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኑ የፊት ረድፍ አትጠፋም። ስለ ሐሜት ሲሰበክ ራሷን እየነቀነቀች፣ በልቧ «ይህቺ ለእገሊት ናት፣ ይህቺ ደግሞ ለእገሌ» እያለች ስብከቱን ለጎረቤት ታከፋፍላለች። ለራሷ ምንም አታስቀርም። «እኔ ሰው ሲዞር አላማም፤ የምናገረው ፊት ለፊት ነው» ትላለች። ፊት ለፊት የተነገረ ነገር ኃጢአት የሚሆን አይመስላትም ነበር።

ሱቁ ውስጥ የሚሠሩት ሦስት ናቸው። እሷ መስኮቱ ሥር፣ የስፌት መኪናዋ ላይ። መሐል ላይ፣ በር በሚያህል ረጅም ጠረጴዛ ፊት፣ ቆራጩ ታናሽ ወንድሟ። ከመጋረጃው በስተጀርባ ደግሞ በካውያ የሚሠሩት ሽማግሌ። ሰዉ «ተኳሹ» ይላቸዋል። እሳቸውም ለማያውቃቸው ሰው «ተኳሽ ነኝ» ብለው ደረታቸውን ይነፋሉ፤ በሕይወታቸው ከሸሚዝና ከሱሪ በቀር የተኮሱት ነገር ግን የለም።

የሦስቱን ሥራ አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ላየው አንድ አስገራሚ ልዩነት አለ። ሰፊ ቢሳሳት ይተረትራል። ተኳሽ ቢሳሳት ውኃ ይረጫል። ቆራጭ ቢሳሳት ግን መመለሻ የለውም፤ መቀስ የለየውን ጨርቅ ማንም እንደ ድሮው አያደርገውም። ስለዚህ ቆራጭ ሲባል ዝምተኛና ጠንቃቃ ነው። ወንድሟም እንዲያ ነው። እሷ ደንበኛውን ትለካለች፣ ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች፣ እሱ በደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከዚያ በኋላ እሱ የሚያምነው ሰውየውን ሳይሆን ደብተሩን ነው።

ዕድሜው አርባ ሁለት ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የአሥራ አንድ፣ እሷ የሃያ ዓመት ልጅ ነበሩ። ያሳደገችው እሷ ናት፤ መቀስ ያስያዘችውም እሷ። ጸጉሩ ጆሮ ግንዱ ላይ ሸብቷል። እሷ ግን ደንበኛ ፊትም ቢሆን «ማሙሽ» ነው የምትለው።

ከሁለት ዓመት በፊት ሚስቱ ሻንጣዋን ይዛ ሄደች። በማግስቱ እንደ ወትሮው በሰዓቱ መጥቶ ጠመኔውን አነሣ። ምንም አልተናገረም፤ ማንም አልጠየቀውም። ምላጭ በሕይወቷ ያልነካችው ነገር ቢኖር ይኸው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

እስከዚያች ማክሰኞ ድረስ።

የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ኮታቸውን ሊሞክሩ መጡ። መስታወቱ ፊት ቆመው እጃቸውን ቢዘረጉ እጅጌው ወደ ኋላ ሸሽቶ የእጃቸው አንጓ ብቅ አለ። ሁለት ጣት ያህል አጥሯል።

«እኔ ነኝ ያደግሁት?» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

ልብስ ሰፊዋ የመጨረሻዋን ስፒል ከአፏ መዘዘች። «ይቅርታ ያድርጉልን ጌታዬ። የወንድሜ መቀስ እንደ ትዳሩ ነው፤ ለመቁረጥ ይፈጥናል፣ መጋጠሙ ግን አልሆነለትም።»

ርዕሰ መምህሩ መስታወቱን ደገፍ ብለው ሳቁ። ከመጋረጃው በስተጀርባ የካውያው ድምፅ ቀጥ አለ። ወንድሟ የጀመረውን መስመር እስከ ጫፉ አሰመረ፣ ጠመኔውን አስቀመጠ፣ መቀሱን በጨርቅ ጠቀለለ። ከዚያም ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ለምሳ ወጣ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«እትዬ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ትልቁ ልብስ ቤት ቆራጭ ይፈልጋል። እሺ ብያቸዋለሁ። ወሩ ሲያልቅ እሄዳለሁ።»

ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል።

«በአንዲት ቀልድ?» አለች።

«በአንዲት አይደለም።»

«ተው እንጂ ማሙሽ። እዚያ ማዶ እኮ የሚቆርጡት ልብስ ለሰው ይሁን ለ...»

ቀና ብሎ አያት። ቀልዱ ከአፏ ደጃፍ ላይ ቀረ። በዕድሜዋ ሙሉ ቀልድ ጀምራ ስታቋርጥ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ማስነጠስ መጥቶ መጥቶ ሲመለስ እንደሚያሳክከው ቀኑን ሙሉ ሲያሳክካት ዋለ።

አመሻሹ ላይ ቄሱ ዘንድ ሄደች። ቄሱ ብዙ የማይናገሩ፣ ሲናገሩም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው።

«አባቴ፣ ምላሴ ጣጣ አመጣብኝ።»

«ጣጣ እስኪያመጣብሽ ነው የጠበቅሽው?»

የሆነውን ነገረቻቸው። ቀልዱን ስትደግመው የቄሱ ከንፈር ለአፍታ ፈገግ ሊል ሲል አየችና፣ በዚያ ሐዘን መሐል ደስ አላት። ደስ ማለቷን ራሷ ታዘበችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ፈራች።

«ከባድ ቀኖና ይስጡኝ» አለች።

«ከባድ ነገር አትፈልጊ ልጄ። እስከ ወሩ መጨረሻ አትስደቢ፣ አታላግጪ፣ የሰው ነውር አታንሺ። ሦስት ናቸው።»

«ይኸው ብቻ?»

«አንቺ ብቻ አልሽው እንጂ፣ ሐዋርያው አውሬው ሁሉ ተገርቶ ምላስ ግን ለገሪ አስቸገረች ነው ያለው። በርቺ።»

ሥራ አዋቂ ሴት ናትና ትእዛዙንም እንደ ሥራ ያዘችው። በመጀመሪያ ነገሩን ማጥናት አለባት። ቀልድ ከየት ነው የሚመጣው? በሁለት ቀን ውስጥ ደረሰችበት፤ የደረሰችበትም ነገር በእውነት የሚደነቅ ነው። መጀመሪያ ከጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ይነዝራታል። ቀጥሎ የቀኝ ቅንድቧ ይነሣል። ሦስተኛ፣ በአፍንጫዋ አጭር ትንፋሽ ትስባለች። ከዚያ በኋላ ቃሉ ተሰፍቶ፣ ተተኩሶ፣ ቁልፉ ሳይቀር ተተክሎለት ይመጣል። ሦስተኛው ላይ ከደረሰ ማንም አያቆመው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መያዝ ያለበት ቅንድብ ላይ ነው።

መላውንም አገኘች። ቅንድቧ ሲነሣ ስፒል ወደ አፏ ትወስዳለች።

ሠራ። ግን እንዴት ያለ ሥራ። ስፒል አፏ ውስጥ ባለ ቁጥር እግሯ ይናገር ጀመር። ትነሣለች፣ ትቀመጣለች። ክር ያለበትን መኪና ክር ታስገባለታለች። የተጠረገ ወለል ትጠርጋለች። መስኮቱን ትከፍትና ነፈሰ ብላ ትዘጋዋለች፣ ታፈነ ብላ ትከፍተዋለች። አንድ ፂሙን ለማሳደግ የሚታገል ወጣት መጥቶ «ኮቱ የበሰለ ሰው ያስመስለኝ» ሲላት፣ ሰባት ስፒል በአንድ ጊዜ አፏ ውስጥ ከትታ ጓሮ ወጥታ ቆመች። የሆዷን በሆዷ ይዛ ስትመለስ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ወጣቱ «አመማት እንዴ?» አለ። ተኳሹም ከመጋረጃው ጀርባ፣ «አዎ፣ አንተ አመምካት» አሉ።

ለወንድሟ ግን ስፒል ብቻ አይበቃም ብላ አሰበች። እሱን «አንተ» ባለችው ቁጥር «አንተ» የምትለው ቃል ሌሎች ቃላትን እየጎተተች ትመጣለች፤ «አንተ ደንቆሮ»፣ «አንተ ቀርፋፋ»፣ «አንተ እንቅልፋም»። ሠላሳ ዓመት አብረው የኖሩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከሥሩ ልትነቅለው ወሰነች። ዐርብ ጠዋት ከመኪናዋ ሳትነሣ እንዲህ አለችው፦

«እባክዎ፣ ያንን ሜትር ያቀብሉኝ።»

ወንድሟ ወደ በሩ ዞረ። ደንበኛ የገባ መስሎት ነው። ማንም የለም።

«እኔን ነው?»

«እርስዎን ነው። ካላስቸገርኩዎ።»

ሜትሩን አቀበላት። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነገሩ በዚያው ቀጠለ። «ገበሩን ጨረሱት?» «ሻይ ይታዘዝልዎ?» «ደህና ዋሉ።» ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እሱም ጀመረ። «ኮሌታው ደርሷል፣ ይመልከቱት።» ያ ቤት ስድብ የማይሰማበት፣ ጨዋነት የሞላበት ቤት ሆነ። እኅትና ወንድም አንድ ጠረጴዛ ላይ ተጎንብሰው በአንቱታ ሲነጋገሩ የሰማ ደንበኛ የሁለት አገር መልእክተኞች የሚደራደሩ ይመስለዋል። እሷ ግን በልቧ ኮራች። አምስት ቀን ሙሉ አንዲት ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣችም። ያም ሆኖ እንቅልፏ አልተመለሰም፣ እግሯም ወለሉን መርገጥ አልተወም፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም።

ሰኞ ዕለት ወንድሟ ክር ሊገዛ ሲወጣ ተኳሹ መጋረጃውን ገልጠው ብቅ አሉ። በአንድ እጃቸው ካውያ፣ በሌላው የሰው ሱሪ ይዘዋል።

«እስከ መቼ ነው ይህን ሰው የምትቀብሪው?» አሉ።

«ማንን?»

«ወንድምሽን።»

«እኔ? ከሮብ ጀምሮ ክፉ ቃል ተናግሬው እንደሆነ ይንገሩኝ።»

«አልተናገርሽም። እኔም የሚገርመኝ እሱ ነው። ስድብሽን ሠላሳ ዓመት ሰምቶ ዋለ አደረ፣ በላ ጠጣ። በዚህ በሦስት ቀን 'እርስዎ' ግን ጉንጩ ጎደጎደ። ስትሰድቢው እኮ ቢያንስ እኅቱ ነበርሽ። አሁን ማን ነሽ?»

«ማክበር ስድብ ሆነ ማለት ነው?»

«እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ ሲቆጣኝ ይገርፈኝ ነበር። በጣም ሲቆጣኝ ግን 'ጌታው' ይለኝ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያመኝ የትኛው ይመስልሻል?» ካውያቸውን ቀና አድርገው አዩት። «በረደብኝ» አሉና ተመለሱ።

ቅንድቧ ተነሣ። ለሽማግሌው የሚሆን መልስ ከነቁልፉ መጣላት፤ ስለ ተኩስና ስለ ዒላማ የሆነ፣ እጅግ የሚጥም ነገር ነበር። ስፒሎቹን አፏ ውስጥ ከተተች። ስፒሎቹ መልሱን አስቀሩት። ሽማግሌው የተናገሩትን ግን ማስቀረት አልቻሉም።

ማክሰኞን በሙሉ ከ«አንተ» እና ከ«እርስዎ» የትኛውን እንደምትለው አጥታ፣ ምንም ሳትለው ዋለች። በጣቷ እየጠቆመች፣ በራሷ እየነቀነቀች።

ሮብ ዕለት አንዲት ነርስ ለኮት ልትለካ መጣች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከትከሻዋ እስከ አንጓዋ ዘረጋች። ያን ሰሞን ስፒል ከአፏ የማትለይ ሆና ነበርና ቁጥሩንም የጠራችው እንደዚያው ሆና ነው።

«አምሳ አ...»

«አምሳ አንድ ነው ያሉት አምሳ አራት?» አለ ወንድሟ እርሳሱን አንሥቶ።

አራት ጣቷን አሳየችው። ጻፈ። ወገቧን ለካች፣ ጠራች።

«አንድ ነው አራት?»

አሁንም በጣቷ አሳየች። በሦስተኛው ሲጠይቃት አንድ ነገር ትዝ ብሏት ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። ነርሷን በቶሎ ጨርሳ ሸኘቻትና ደብተሩን ወደ ኋላ ገለጠች። የርዕሰ መምህሩ ገጽ። በወንድሟ ጥርት ያለ ጽሕፈት፦ እጅጌ፣ 61።

የተፈታው አሮጌ እጅጌ ግድግዳው ላይ ካለ ሚስማር ተንጠልጥሏል። አውርዳ ለካችው። የስፌቱን ትርፍ ቀንሳ ድጋሚ ለካችው። ልክ ስድሳ አንድ፤ የፀጉር ያህል እንኳ አልዛነፈም። ወንድሟ የጻፈውን ነው የቆረጠው፤ የጻፈውም የሰማውን ነው። ርዕሰ መምህሩ ሊለኩ የመጡ ዕለት ደግሞ እሷ የሌላ ደንበኛ ቀሚስ እየሰካች ነበር። አሥራ አራት ስፒል በአፏ እንደያዘች ዞር ብላ ለካቻቸው፤ ሜትሩ ላይ ያየችው ስድሳ አራት ነበር። አራትን በተዘጋ ከንፈር የሚጠራ ሰው «አ» ብቻ ነው የሚወጣለት። አንድን የሚጠራም እንዲሁ።

እንግዲህ መቀሱ አልተሳሳተም። ትዳሩ ላይ የተላገጠበት ሰው አንድ ሳንቲ ሜትር አላጠፋም።

እዚህ ላይ የሰው ልብ ምን ያህል ብልጥ እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል። ልብስ ሰፊዋ ይህን እንዳወቀች የመጀመሪያ ሐሳቧ «ልናገር» የሚል አልነበረም። የመጀመሪያ ሐሳቧ «ዝም ማለት ታዝዤ የለ?» የሚል ነበር። አትስደቢ፣ አታላግጪ፣ የሰው ነውር አታንሺ። ሦስቱንም ጠብቃለች። «ያጠፋሽውን ተናገሪ» የሚል አራተኛ የለም። ደግሞስ እሱ መሄዱ ላይቀር ምን ያደርግለታል? ደንበኛውስ ስለ ሱቁ ምን ይላል? ዝምታ ወርቅ ነው። አንደበቷን ልትገዛ የጀመረችው ጾም፣ ይኸው አሁን መደበቂያ ሆኖ አረፈው።

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ አላረፈችም። አንድ ሸሚዝ ላይ እጅጌውን ገልብጣ ሰፋችው፤ ተረተረችው፤ ደግማ ገልብጣ ሰፋችው። በምሳ ሰዓት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ሄዳ ቄሱን ሳትጠራ ተመለሰች። ምን እንደሚሏት ታውቀዋለች፤ ያወቀችውን ነገር ለመስማት ደግሞ አልቸኮለችም። መንገድ ላይ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ብቻዋን ትናገር ነበር። እንደ መዝሙረ ዳዊቱ ለአፏ ዘበኛ እንዲቆምላት አምላኳን የለመነችባቸው ቀናት ሁሉ ትዝ አሏት። ዘበኛው እኮ በሩን የሚዘጋው ለሌባ ነው፤ ለባለቤቱም ካልከፈተ ዘበኛ ሳይሆን ሌላ ሌባ ነው። ይህን ስታስብ እርምጃዋ ፈጠነ፤ ልብስ ቤቷንም አልፋው ሄዳ ተመለሰች።

ዐርብ ረፋድ ላይ ርዕሰ መምህሩ መጡ። አዲሱ እጅጌ በስፒል ተያይዞ ተሰቅሏል። ገና ከበሩ ሲገቡ ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ አይተው ሳቅ አሉ።

«እህሳ ቆራጩ፣ ዛሬስ መጋጠሙ ሆነልህ? ያንን ቀልድ እኮ መምህራን ክፍል ብነግራቸው ሻያቸው ትን አላቸው።»

ወንድሟ ጠመኔውን አነሣ። እጁ ላይ ነጭ ዱቄት ቦነነ፤ ጠመኔው ተሰብሮ ነው።

ልብስ ሰፊዋ አፏ ባዶ ነበር። ኮቱን አልብሳቸው ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«ጌታዬ፣ ያ ቀልድ የኔ ነበር። መጥፎ ቀልድ ነው።»

«አይ፣ እንዲያው ለጨዋታ...»

«ይስሙኝ። ክንድዎን የለካሁት እኔ ነኝ። ስድሳ አራት ነው። አፌ ውስጥ ስፒል ይዤ ጠራሁለት፣ ስድሳ አንድ ተሰማው። እሱ የተባለውን በትክክል ቆርጧል። ያጠፋሁት እኔ ሆኜ ሳለ በእርስዎ ፊት አዋረድኩት። መምህራን ክፍል ይህንንም ይንገሩልኝ።»

በዚህ አጭር ንግግር መሐል ቅንድቧ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። አንዴ ስለ ርዕሰ መምህሩ ክንድ፣ አንዴ ስለ መምህራኑ ሻይ፣ አንዴም ስለ ገዛ ራሷ። ሦስተኛው በጣም ያስቅ ነበር፤ ነገሩንም ሁሉ አቅልሎ ይጨርሰው ነበር። ለዚያ ነው ያልተናገረችው። ሰው ሲስቅ ይቅርታው አብሮ ይተናል።

ርዕሰ መምህሩ ፊታቸው ቀላ። «እንግዲህ... እኔም መድገም አልነበረብኝም» አሉ፤ ወደ ጠረጴዛውም ዞረው፣ «አይያዙብኝ» አሉት። ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ኮታቸው ልክ ሆነላቸው፤ ማንም ግን ስለ ኮቱ አልተናገረም።

ሲወጡ ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ የቦነነውን ጠመኔ በመዳፉ እየጠረገ፣ «የእጅጌውን ተናገርሽ» አለ። አንቺ አላት። «የሌላውስ?»

«የትኛው ሌላ?»

«ታውቂዋለሽ።»

ተቀመጠች። ተነሣች። ወደ መስኮቱ ሄዳ ሳትከፍተው ተመለሰች።

«ቀልዱ ጣፈጠኝ» አለች። «እውነቱን እንድነግርህ ከፈለግክ ሌላ ምክንያት የለውም። አፌ ላይ ሲደርስ አንተ እንደምትጎዳ አውቄያለሁ። አንተን ከማዳን ቀልዱን ማዳን መረጥኩ።»

በመዳፉ የሰበሰበውን ጠመኔ አራገፈ። «በዚህ ዓይነት ነግረሽኝ አታውቂም» አለ፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ቅዳሜ የመጨረሻው ቀን ነበር። ወንድሟ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን ሰበሰበ፤ መቀሱን፣ ጠመኔውን፣ ቆልመም ያለውን የእንጨት ማስመሪያውን። እሷ መኪናዋ ላይ ሆና ክር የሌለው መርፌ ትነዳለች።

አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት። አጭር ናት፤ እናታቸው በመጨረሻዋ ቀን የሱን እጅ በእሷ እጅ ላይ አድርጋ የተናገረችው ነው፤ «እንዳትለያዩ፣ አደራ።» ስድብ የላትም፣ ሹፈት የላትም፣ ማንንም አታዋርድም። ቄሱ ከከለከሏት ከሦስቱ አንዱም ውስጥ አትገባም። እስካሁን ሁለት ጊዜ ተናግራታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ሠርታለች። አንደኛው፣ እሱ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከመኪና ሹፌሮች ጋር ልሂድ ሲል ነው። ሁለተኛው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ሚስቱ «ወደ ሌላ ከተማ እንሂድ፣ የራሳችንን ቤት እንክፈት» ስትለው። ያን ጊዜ «አደራውን ረሳኸው?» አለችው። እሱ ቀረ። ሚስቱ ግን አልቀረችም።

ይህን እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንዲህ አያይዛ አስባው አታውቅም። መርፌው ቆመ።

ወንድሟ ጥቅሉን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። ቃሉ አፏ ውስጥ ነው። ቅንድቧ አልተነሣም፣ ከጆሮዋ ሥርም የነዘራት ነገር የለም፤ ይህ ቃል ሲመጣ ምልክት አይሰጥም። ሌሎቹን ቃሎቿን ሁሉ ሰው ይሰማቸውና ይቆጣል። ይህችን የሰማ ሰው ግን ዕቃውን መልሶ ይፈታል።

«እትዬ» አለ። «አንድ ነገር ልትናገሪ ነበር።»

«ነበር።»

«ተናገሪያ።»

«አልናገረውም።»

በሩን እንደያዘ ቆመ። «የእማዬን ነገር ነው?»

እንባዋ ወረደ፤ በእጅጌዋ ጠረገችው።

«እኔ እኮ» አለ፣ «እሱን ስትናገሪ ምን እንደምመልስልሽ አሥር ቀን ሙሉ ስዘጋጅ ነው የሰነበትኩት። ያዘጋጀሁትን አሁን ምን ላድርገው?»

«ሆድ ይፍጀው። እንደኔ።»

ሳቀ፤ ከዚያች ማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ሳቁ ግን አላስቀረውም። «ለሰዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ፤ ሰኞ እገባለሁ» አለ።

«ግባ። ቃል የሰጠ ሰው ነህ።»

«ማን ይቆርጥልሻል?»

«እኔው።»

«አንቺ ስትቆርጪ ትከሻው ይጠባል።»

«አውቃለሁ። ከጠበበኝ መጥቼ እጠይቅሃለሁ።»

«በምሳ ሰዓት ነይ» አለ፤ ወጣ።

በመስኮቱ አየችው። መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ፣ ተሻገረ፣ ዞር አላለም። ከመጋረጃው ጀርባ ተኳሹ፣ «ሄደ?» አሉ።

«ሄደ።»

የምትጨምረው ነገር ነበራት፤ ስለ ማዶ ቤት፣ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ራሷም። ተነሣችና ወደ ረጅሙ ጠረጴዛ ሄደች። የነርሷን ጨርቅ ዘረጋች። አጠፈችው። ደግማ ዘረጋችው። በሩን ልትዘጋ ሄዳ፣ እጇ መዝጊያው ላይ እንዳለ፣ ክፍቱን ተወችው።